ማደሪያው ሞልቶ ሲገኝ

በመሸ ጊዜ ከማያውቁት ሰው ደጃፍ ቆሞ «መሽቶብኛልና አሳድሩኝ» ማለት በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም። ባለቤቱም ድኻ ቢሆን በድኽነቱ ሳያፍር፤ ባለጠጋም ቢሆን በብልጽግናው ሳይኰራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ፤ እግር አጥቦ፤ ያለችውን እንጀራ ቈርሶ፤ መደቡን ለቆ ያሳድራል። እንዲህ ያለው መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ይባላል። ስሙንና አገሩን የሚጠይቁት እንኳ ከበላና ከጠጣ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ከአባቶቻችን ከወረስናቸው መልካም ነገሮች አንዱ ስለ ሆነ የምንኰራበት ነው እንጂ የምናፍርበት አይደለም።

ዳሩ ግን ማናቸውም መልካም ልማድ ቃል ብቻ ሳይሆን ምሥጢርም አለው። ቃሉን ብቻ ይዞ ምሥጢሩን ረስቶ ወደ ሌላ አገር የተሻገረ ሰው አንድ ቀን ማፈሩ አይቀርም። እኛም በዚሁ ጉዳይ ያፈርንበትን አንድ ሌሊት፤ ካፈርንም በኋላ የተማርንበትን ሌላ ሌሊት፤ ለአንባቢዎቻችን በተለይም ለተማሪዎችና አዲስ ሥራ ለያዙ ወጣቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን በዛሬው ጽሑፋችን ልናወጋ ወደናል።

ነገሩ የሆነው በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ፤ ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ በሚባለው ተራራ ላይ ነው። በአትላንታ ከተማና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። እኛም ከዚያ ከሚኖሩ ሁለት ወዳጆቻችን ጋራ፤ ማለት አንዱ በዕድሜ የሚበልጠን የሒሳብ ሠራተኛ፤ ሁለተኛው ገና በዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት፤ ሦስት ሆነን ነበር የሄድነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆኑ አንባቢ ይህን እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ስለ ተራራውና ስለ መንገዱ

ስሞኪ ማለት ጢሳማ ማለት ነው። ከጫካው የሚነሣው ጉም ዘወትር ጧትና ማታ በሸንተረሩ ላይ እንደ ሰማያዊ ጢስ ተጋድሞ ስለሚታይ ይህን ስም አገኘ። ተራራው በቴኔሲና በሰሜን ካሮላይና ግዛቶች ወሰን ላይ የተዘረጋ ሲሆን፤ በ1934 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ኒውፋውንድ ጋፕ በሚባለው በር ላይ ተገኝተው መርቀው ከፈቱት። ከፍተኛው ጫፍ 2,025 ሜትር ነው። ይህ ጫፍ ለብዙ ዘመን ክሊንግማንስ ዶም ሲባል ኖሮ፤ በ2024 ዓ.ም. የጥንት ባለአገሮቹ የቸሮኪ ሕዝብ ይጠሩት ወደ ነበረው ወደ ኩዎሂ ስም ተመልሶአል። በስሜን ተራራ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ ከወይና ደጋ የማይዘል መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን አገሩ ከምድር ወገብ የራቀ ስለ ሆነ ብርዱ የደጋ ብርድ ነው። ዝናቡም ቀላል አይደለም፤ በሸለቆው በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ሲዘንብ በጫፉ ላይ ከ2,000 ሚሊ ሜትር ያልፋል።

በዚህ ተራራ ጫፍ ጫፉን እየተከተለ የሚሄድ አፓላችያን የሚባል የእግር መንገድ አለ። በ1921 ዓ.ም. ቤንተን መካይ የሚባል የደን ዐዋቂ አሳቡን በጽሑፍ አቀረበ፤ ፈቃደኞች እየቈፈሩና ዛፉን በቀለም ምልክት እያደረጉ በ1937 ዓ.ም. ከጫፍ እስከ ጫፍ አገናኙት። መንገዱ በደቡብ ከጆርጂያ ግዛት ከስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ በሰሜን በሜን ግዛት እስከ ካታዲን ተራራ ድረስ በ14 ግዛቶች ውስጥ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ኧርል ሼፈር የሚባል ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በ1948 ዓ.ም. ሙሉውን በአንድ ጊዜ መራመዱን አስታወቀ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ኤማ ጌትዉድ የሚባሉ የ67 ዓመት አሮጊት፤ ብዙ ልጆችና የልጅ ልጆች ያፈሩ እናት፤ የሸራ ጫማ ተጫምተው፤ በእጃቸው የሰፉትን ከረጢት በትከሻቸው አንጠልጥለው፤ ብቻቸውን ፈጸሙት። ድንኳን አልያዙም ነበር። ሲመሽባቸው ከመንገድ ዳር ወደሚገኝ ቤት እየሄዱ ማደሪያ ይጠይቁ ነበር፤ አንዳንዱ በደስታ ተቀበላቸው፤ አንዳንዱም መለሳቸው። በመለሷቸው ጊዜ ቅጠል ከምረው በዚያ ላይ ተኙ። የእግዜር እንግዳ በአሜሪካም እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ማደሪያው ምን ይመስላል?

በመንገዱ ሁሉ ላይ ከ250 የሚበልጡ ማደሪያዎች በየርቀቱ ተሠርተዋል። ማደሪያ ስንል ግን ሆቴል ወይም ቤት እንዳይመስለን። በሦስት ወገን ግድግዳ፤ በላዩ ክዳን፤ ፊቱ ክፍት የሆነ ዳስ ማለት ነው። በስሞኪ ያሉት አብዛኞቹ ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው አንዱ ከአንዱ በላይ የሆነ ሁለት የእንጨት ቆጥ አለ፤ በዚያ ላይ 12 ሰው ያህል ጎን ለጎን ይተኛል። አልጋ የለም፤ መብራት የለም፤ ዘበኛም የለም። በቀድሞ ጊዜ ድብ እንዳይገባ ፊታቸው በሽቦ አጥር ይዘጋ ነበር። ነገር ግን ሰዎች አጥሩን ተማምነው ቸልተኞች ስለ ሆኑና ለድቡም በሽቦው ቀዳዳ ምግብ ማቀበል ስለ ጀመሩ፤ አጥሩ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሥቶአል።

በሌላው የመንገዱ ክፍል ማደሪያው ቀድሞ ለደረሰ ነው። በስሞኪ ግን በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ጐብኚ የሚመጣበት ስለ ሆነ፤ ተራራው ላይ የሚያድር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ስፍራ ማስያዝና የፈቃድ ወረቀት ማውጣት ግዴታው ነው። ማስያዝ የሚቻለው ከሚያድሩበት ቀን በፊት ባሉት 30 ቀኖች ውስጥ ነው፤ ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት 8 ዶላር ነው። በአንድ ማደሪያ ከአንድ ሌሊት በላይ መቈየት አይፈቀድም። በማደሪያው አጠገብ ድንኳን መትከልም ክልክል ነው፤ ሣሩ ተረግጦ እንዳያልቅና ምንጩ እንዳይቆሽሽ ነው።

ከዚህ ደንብ ነጻ የሆኑ አንድ ወገኖች ብቻ አሉ። እነርሱም መንገዱን በረጅሙ የሚጓዙት ናቸው። ከፓርኩ ወሰን ውጭ ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር ርቀው ጒዞአቸውን የጀመሩና እንደዚሁም ርቀው የሚጨርሱ ከሆኑ፤ በየትኛው ሌሊት የት እንደሚደርሱ ማወቅ ስለማይችሉ የተለየ ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15 ድረስ በየማደሪያው አራት ስፍራ ይጠበቅላቸዋል። ከአራት በላይ ሆነው ሲደርሱና ማደሪያው ሲሞላ ግን፤ ስፍራ ላስያዘው ሰው ለቀው በአጠገቡ ድንኳናቸውን ይተክላሉ።

ያፈርንበት ሌሊት

የመጀመሪያው ጒዞአችን በጥቅምት ወር ነበር። ቅዳሜ ሌሊት ልናድርበት ያሰብነው አይስዋተር ስፕሪንግ የሚባለው ማደሪያ ከኒውፋውንድ ጋፕ በእግር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም እንደ እኛ ላሉ የከተማ ሰዎች የተመቸ በመሆኑ ዘወትር ይጠበባል። ተማሪው ወዳጃችን ሐሙስ ማታ በኢንተርኔት ቢመለከት፤ አንድም ስፍራ አልቀረም።

«ጋሼ፤ ሞልቶአል ይላል» ብሎ ለታላቃችን ነገረው።

«ወረቀት ይሞላል እንጂ ቤት ሞልቶ አያውቅም» አለ ታላቃችን እየሳቀ። «ሰው መሽቶበት ሲመጣ ማን ውጣ ይለዋል? ከተዋደዱ አንድ ቊርበት ለስንቱ ይበቃል!»

እኛም ነገሩ ጣፈጠንና እሺ አልን። ይባስ ብለን ሸክም ለማቅለል ድንኳኑን እቤት ተውነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዝናብ ጀመረ። ማደሪያው ስንደርስ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩበት። ማንም ወረቀት አልጠየቀንም፤ ጠጋ በሉ ብለው በደስታ ተቀበሉን። በላይኛው ቆጥ ላይ፤ ከነፋሱ ርቆ በሚገኘው ማዕዘን፤ ምንጣፋችንን ዘረጋን። ታላቃችን በዓይኑ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። ሰዎች አንድ በአንድ፤ ሁለት በሁለት እየሆኑ መጡ። ሲመሽ ቆጡ ከላይ እስከ ታች ሞላ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፤ ከጨለማው ውስጥ ሁለት መብራቶች ታዩ። አንድ ሰውና ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጁ ነበሩ። ልጁ ከራሱ እስከ እግሩ ረጥቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አባትየው በመብራቱ ቆጡን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ፤ ቈጠረ፤ እንደገናም ቈጠረ። ከዚያም ከደረቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ፤ በማንም ላይ ሳይጮኽ፤ «ሁለቱ ስፍራ የእኛ ነበር። ከአንድ ወር በፊት ነው ያስያዝነው፤ ልጄ ቀኑን እየቈጠረ ነበር የሚጠብቀው» አለ።

ዳሱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወረቀት የሌለን እኛ ብቻ እንደ ሆንን ለማወቅ ማንም መናገር አላስፈለገውም። ታላቃችን ከሁላችን ቀድሞ ተነሣና «ተነሡ ልጆች» አለን። ምንጣፋችንን ጠቅልለን ወረድን።

ነገር ግን ወዴት እንሄዳለን? ድንኳን የለን። ዝናቡ አላቆመም፤ መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ጉሙ የእጃችንን መብራት መልሶ በዓይናችን ይጥለዋል። ማንም ውጡ አላለንም። ሰዎቹ ተጠጋግተው ከታች በመሬቱ ላይ ጥቂት ስፍራ አደረጉልን፤ እኛም በግድግዳው ተደግፈን ጉልበታችንን አቅፈን ተቀመጥን። ያ ሰውዬ ልጁን ደረቅ ልብስ ካለበሰ በኋላ ወርዶ መሬቱ እንዳያረጥበን የሚነጠፍ ላስቲክ ሰጠን። ቢቈጣን ይሻለን ነበር።

ታላቃችን ጋቢ ይዞ ነበር። ጋቢ ደግሞ ጥጥ ስለ ሆነ፤ በመንገድ ዝናብ የጠጣውን ውሃ ይዞ እንደ ድንጋይ ከበደ፤ ሙቀትም አልሰጠ። ሌሊቱን ሙሉ ተንቀጠቀጠ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ንግግሩ እየተያያዘበት ሲመጣ ደነገጥን። ብርድ ሰውን ሲያሸንፍ መጀመሪያ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ ምላሱን ያስረዋል፤ እግሩን ያደናቅፈዋል፤ በመጨረሻ መንቀጥቀጡ ራሱ ሲያቆም ሰውየው ሞቀኝ ብሎ ያስባል፤ ከዚህ ከደረሰ ለሕይወቱ ያሠጋል። እኛም እርጥቡን ልብስ አውልቀን፤ የተማሪውን የሱፍ ሹራብ አልብሰን፤ ሁለታችን ግራና ቀኝ ተጣብቀነው፤ ስኳር የበዛበት ሙቅ ውሃ አጠጣነው። ሲነጋ ተሻለው።

ጧት ስንወርድ ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ፤ «የእግዜር እንግዳ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካስ የእግዜር እንግዳው ያ ልጅ ኖሮአል» አለ።

የልማዱ ምሥጢር

ይህ ቃል ከዚያ ወዲህ ከአሳባችን አልጠፋም። የእግዜር እንግዳ የሚባለው ሰው ከባለቤቱ ደጃፍ ቆሞ የባለቤቱን ቤት ይለምናል፤ ባለቤቱም የራሱን መደብ ይለቃል። ሰጪው የሰጠው የገዛ ራሱን ነው። እኛ ግን ከማንም ደጃፍ ቆመን አልለመንም፤ የሌላውን እንግዳ መደብ ነበር የወሰድነው። ማንም ሳያየን የወሰድነው ስለ ሆነ፤ የማንንም ያልወሰድን መስሎ ታየን። ባለቤቱ በዚያች ሰዓት በዝናብ ውስጥ ልጁን እጁን ይዞ እየመጣ ነበር።

ደግሞም ጭንቅና ቸልታ አንድ አይደሉም። እግሩ ተሰብሮ ወይም ማዕበል ይዞት ወደ ዳሱ የተጠጋውን ሰው ማንም አያስወጣውም፤ ሊያስወጣውም አይገባም። እኛ ግን ጭንቃችንን በገዛ እጃችን ከአትላንታ ጀምረን አዘጋጅተን የሄድን ነበርን። ሐሙስ ማታ ስፍራ እንደሌለ ዐውቀን ነበር፤ ድንኳኑም እቤት ነበር።

የተማርንበት ሌሊት

በሚከተለው ዓመት በሚያዝያ እንደገና ልንሄድ ተነጋገርን። ይህን ጊዜ ተማሪው 30ው ቀን ሲደርስ ወረቀቱን ለማውጣት ተቀመጠ። ሆኖም ለምንፈልገው ቅዳሜ በጫፉ ላይ ያሉት ማደሪያዎች ለሦስት ሰው የሚሆን ስፍራ አልነበራቸውም። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ማደሪያው ሞልቶ ሲገኝ ምን ይደረጋል?

መልሱ ካርታ ማንበብ ነው። በስሞኪ ጫፍ ላይ በሚሄደው መንገድ ከማደሪያዎቹ በቀር የድንኳን ሰፈር አይገኝም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከጫፉ ወደ ሸለቆ በሚወርዱት መንገዶች ዳር በቊጥር የተለዩ ብዙ ሰፈሮች አሉ። ለእነርሱም ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ዳሩ ግን ሰው ሁሉ ክዳን ያለበትን ስለሚሻ ሰፈሮቹ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፤ እስከ ሦስት ሌሊትም ይቈዩባቸዋል። ካርታውን ስንመረምር ካቢን ፍላትስ የሚባለው 49ኛው ሰፈር ባዶ ስፍራ ነበረው። ከኒውፋውንድ ጋፕ ተነሥተን፤ በጫፉ 7 ኪሎ ሜትር ሄደን፤ ከድራይ ስሉስ ጋፕ ወደ ታች ብንወርድ፤ በጠቅላላው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማግሥቱ በብራድሊ ፎርክ ወንዝ ዳር ወርደን ስሞክሞንት ከሚባለው ሰፈር እንወጣለን። ስለዚህ አንዱን መኪና በስሞክሞንት፤ ሁለተኛውን በኒውፋውንድ ጋፕ አቆምን።

ይህ ዕቅድ ሌላም ጥቅም ነበረው። ሰው 1,000 ሜትር ዝቅ ባለ ቊጥር ብርዱ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። በሸለቆ ውስጥ በድንኳን የሚያድር ሰው፤ በጫፍ ላይ በክፍት ዳስ ከሚያድረው የበለጠ ሊሞቀው ይችላል። ክዳን ሁሉ ሙቀት አይደለም።

በመንገዳችን ላይ በአይስዋተር ስፕሪንግ ምሳ በላን። እዚያ ያየነውን ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ከጆርጂያ ጀምሮ ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ የመጣ አንድ ጐልማሳ፤ ጫማው ተቀዶ በገመድ የታሰረ፤ በማደሪያው ደጃፍ ድንኳኑን ይተክል ነበር። ለረጅም ተጓዦች የሚጠበቁት አራቱ ስፍራዎች ተይዘው ኖሮ እርሱ አምስተኛ ሆኖአል። ሌሎቹም ከመኪናቸው ወርደው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ተራምደው በሚመጡ ሰዎች የተያዙ ናቸው። ታላቃችን «አያበሳጭህም?» ቢለው፤ «እኔ በየሌሊቱ አገኛለሁ፤ እነርሱ ያስያዙት የዛሬን ብቻ ነው» ብሎ መለሰና ካስማውን በድንጋይ መምታቱን ቀጠለ። ታላቃችን ዘወር ብሎ እኛን ተመለከተ፤ ምንም አልተናገረም።

ስለ ድንኳንና ስለ ድብ

ካቢን ፍላትስ ስንደርስ ከምሽቱ 12 ሰዓት አልሆነም ነበር። ጨለማ ሳይቀድም መድረስ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ድንኳን የሚተከልበትን ስፍራ መምረጥ የቀን ሥራ ነው። ስፍራው በተፈቀደው ሰፈር ውስጥ መሆን አለበት፤ ጎድጓዳ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ ጥቂት ከፍ ያለውን ደረቅ መሬት መረጥን። ከዚያም ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ተመለከትን። ከአውሮፓና ከእስያ የገቡ ጥቃቅን ተባዮች የዚያን አገር ሄምሎክና ፈር የሚባሉ ዛፎች በብዛት ስለ ገደሉ፤ በየጫካው የደረቁ ዛፎች ቆመው ይታያሉ። ነፋስ በነሣ ጊዜ ይወድቃሉ። ከደረቀ ዛፍ ሥር ድንኳን መትከል በሞት ጥላ ሥር እንደ መተኛት ነው።

ስንቃችን የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ ነበር፤ በሶ፤ ቆሎ፤ ዳቦ ቆሎና ጭኮ። ለእግር መንገድ ከዚህ የተሻለ የለም፤ አይከብድም፤ አይበላሽም፤ እሳትም አይፈልግም። ውሃውን ግን ከወንዝ ቀድተን አፈላነው፤ ጥሩ መስሎ የሚታይ የተራራ ውሃም ቢሆን የአውሬ በሽታ አያጣውም። ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ግን ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይገባል።

በፓርኩ ውስጥ 1,900 ያህል ጥቁር ድቦች እንዳሉ ይገመታል። ድብ ሰውን ፍለጋ አይመጣም፤ የሚመጣው ምግብ ፍለጋ ነው። ስለዚህ በየማደሪያውና በየሰፈሩ በዛፎች መካከል ከፍ ብሎ የተዘረጋ የብረት ገመድ አለ። መንገደኛው ስንቁን ብቻ ሳይሆን ሳሙናውንና የጥርስ ሳሙናውን፤ ሽታ ያለውን ሁሉ በከረጢት አድርጎ በዚያ ላይ ይሰቅላል። እኛም ሰቅለን ተኛን። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ተማሪው ብድግ ብሎ፤ «ጋሼ፤ ጭኮው!» አለ። ቅቤ የገባበት ጭኮ፤ በታላቃችን ካፖርት ኪስ ውስጥ፤ ከራሳችን አጠገብ ነበር። እየሳቅን ወጥተን በጨለማ ሰቀልነው። ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። የሰው ምግብ አንድ ጊዜ የቀመሰ ድብ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ሰውን መፍራት የተወ ድብ ደግሞ በመጨረሻ ሊገደል ይችላል። የመንገደኛ ቸልታ የሚከፈለው በድቡ ሕይወት ነው። ድብ ቢያጋጥም መሮጥ አይገባም፤ ፊትን ሳያዞሩ ድምፅን ከፍ አድርጎ ቀስ እያሉ ማፈግፈግ ነው። ሆን ብሎ ከ46 ሜትር ይልቅ ወደ እርሱ መቅረብም በሕግ ክልክል ነው።

ለጽዳት የሚወጣ ሰው ከውሃና ከሰፈር ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቈፍሮ መልሶ ይከድናል። እሳት ቢፈልግ በተፈቀደው ምድጃ ብቻ፤ እንጨቱም የወደቀ ብቻ ይሆናል። ቆሻሻውን ተሸክሞ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ነገ ለሚመጣው እንግዳ ነው።

ሌሊቱን ዝናብ ዘነበ። ታላቃችን በዚህ ጊዜ ጋቢውን ትቶ የሱፍ ልብስ ይዞ ነበር። የመንዝ ሰዎች ከበግ ጠጉር ዝተትና በርኖስ መሥራታቸው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ እየነገረን ተኛ፤ ሱፍ ቢረጥብም ጨርሶ ሙቀቱን አይተውም። እኛም ነቅተን የዝናቡን ድምፅ በድንኳኑ ላይ ስናዳምጥ፤ ቀና ብሎ የሚቈጥረን ሰው ከጨለማው እንደማይመጣ ዐውቀን በሰላም አንቀላፋን። ስፍራው ጠባብ ነበር፤ መሬቱም ጠንካራ። ነገር ግን የራሳችን ነበር።

ፍጻሜ

አንባቢዎቻችን ከተራራው ወርደን ስለ ከተማ ብንናገር ይፈቅዱልናል ብለን እናምናለን። በመዝገብ ቤት መስኮት ፊት የተሰለፈ ሰው፤ በሆስፒታል ወረፋ የሚጠብቅ በሽተኛ፤ ለትምህርት ቤት ስሙን ያስመዘገበ ልጅ፤ ሁሉም እንደዚያ አባትና ልጅ ስፍራቸውን አስይዘው በመንገድ ላይ ናቸው። በመተዋወቅ ወይም በፈገግታ ወደ ውስጥ ያሳለፍነው ወዳጃችን የማንንም ስፍራ አልወሰደም ብለን እናስባለን፤ ምክንያቱም ባለተራው ገና አልደረሰምና አናየውም። ስፍራ የሚያድል ወጣት ሹም ይህን ቢያስብ፤ ለወዳጁ ሊሰጠው የሚገባው ከራሱ መደብ እንጂ ከሌላው መደብ እንዳልሆነ ይረዳል። ለጋስነት ከራስ ሲሆን ለጋስነት ነው፤ ከሌላው ሲሆን ግን ስሙ ሌላ ነው።

ተማሪውም እንዲህ ቢያስብ አይጎዳም። ስፍራው ሞልቶ ሲገኝ፤ መንገዱ አለቀ ማለት አይደለም። ካርታውን ዘርግቶ ዝቅ ያለውን ሰፈር መፈለግ፤ ድንኳኑን መሸከም፤ ሁለት ሰዓት ጨምሮ መራመድ ነው። ሸክሙ ይከብዳል፤ እንቅልፉ ግን ይቀላል።

ታላቃችን ዛሬም በአትላንታ ለቡና ሲሰበሰቡ ይህን ታሪክ ሲነግሩበት አይቀየምም። «ቤቱ ሞልቶአል» ያለው ሲገኝ ግን፤ እንደ ድሮው አይስቅም። «ድንኳኑ የት ነው?» ይላል።